የመሃሉ ትሪ

በዚያ ሰሞን ጭጋጉ ከከተማው ላይ አልነሳም ብሎ ነበር። አንዳንድ ቀን ትንሽ ገለጥ ይልና ፀሐይ ብቅ ትላለች፣ ከዚያ መልሶ ይዘጋል። መንገድ ላይ ሰው የሚተዋወቀው በሳሉ ነው። አርብ ጠዋት የመንግሥት ዘር ምርመራ ቢሮ ደጃፍ ስደርስ የሕንፃው የታችኛው ክፍል ብቻ ይታያል፤ ላይኛውን ፎቅ አንድ ሰው አጣጥፎ ይዞት የሄደ ይመስል ነበር። ጥበቃው ሊከፍትልኝ ሲመጣ መጀመሪያ የቁልፉን ድምፅ ሰማሁ፣ ቀጥሎ እጁን አየሁ፣ ሰውዬው ራሱ የመጣው በመጨረሻ ነው።

«ኢንስፔክተር ነዎት?»

«ነኝ። ማን ሞተ?»

«ሰው እንኳ አልሞተም ጌታዬ። ቲማቲም ነው።»

እኔን የሚልኩኝ እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ጣቢያ ውስጥ «ህልመኛው» ይሉኛል። አንድን ነገር ቶሎ አይቶ ቶሎ መፍረድ አይሆንልኝም፤ ፈዝዤ እቆማለሁ፣ አንዳንዴም፣ ለምን እዋሻለሁ፣ ያሸልበኛል። ደም ያለበት ጉዳይ ለፈጣኖቹ ይሰጣል። ለእኔ የተሰበረ መስታወት፣ የጠፋ ብስክሌት፣ አሁን ደግሞ የተቀቀለ ቲማቲም።

የብቅለት ክፍሉ ከግቢው ጀርባ ነው። በግድግዳው ሥር የሙቅ ውሃ ቧንቧ ስለሚዞር ከውጭው ብርድ ድንገት ሲገቡበት ዓይን ይከብዳል። መስኮቱ አንድ ብቻ ነው፣ በወዲያኛው ጫፍ። ከመስኮቱ እስከ በሩ ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ በሩ አጠገብ የሠራተኞቹ ነጭ ጋዋንና ነጭ የጨርቅ ጓንት ተንጠልጥሏል። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ትሪ ቡቃያ ተደርድሯል። የመስኮት ዳሩና የበር ዳሩ ለምልመዋል፤ አውቶብስ ውስጥ ያሉ ተሳፋሪዎች ውጭ ጉድ ሲያዩ አንገታቸውን እንደሚያሰግጉ ሁሉም ወደ መስኮቱ አዘንብለዋል። የመሃሉ ግን የፈላ ውሃ ተደፍቶበት ሙሽሽ ብሎ አፈሩ ላይ ተኝቷል። ከጎኑ የጥበቃው ማንቆርቆሪያ ቆሟል። ስነካው ገና ለብ ይላል።

«ዝም ብለው ሊያዩት ነው?» አሉኝ ዳይሬክተሯ። እሳቸው የሞተውን ላለማየት ጀርባቸውን ለጠረጴዛው ሰጥተው ነው የቆሙት።

«ማየት ሥራዬ ነው። ለአንድ ትሪ ቲማቲም ግን ፖሊስ ይጠራል?»

«ጉዳዩ ቲማቲም አይደለም። የዚህ ክፍል ሃላፊነት ቦታ ክፍት ነው። ድሮ ማስታወቂያው ላይ ‹ተፈላጊ ችሎታ፦ ዲግሪ› ይል ነበር። በአዲሱ መመሪያ ቀርቷል። ዲግሪ ያለውም የሌለውም ይወዳደራል፣ የሚለየው የተግባር ፈተና ነው። መጋዘን ከርሞ የደከመ ዘር ለሦስት ሰዎች ሰጠን፤ ከሁሉ አሳምሮ ያበቀለ ይሾማል። ዛሬ ልፈርድ ነበር። እስከ ሰኞ ወንጀለኛው ካልተገኘ ፈተናው ይሰረዛል፣ መመሪያውም ወደ ድሮው ይመለሳል ተብያለሁ። ከላይ ‹ይኸው፣ ብለን ነበር› የሚሉ ሰዎች አፋቸውን ከፍተው እየጠበቁ ነው።»

እውነቱን ለመናገር የእኔም ዲግሪ በሒሳብ አያያዝ ነው፤ ሚስቴ የገበያ ሒሳብ እንኳ አታሠራኝም። ስለዚህ በመመሪያው ላይ አስተያየት አልሰጠሁም።

ሦስቱን ተወዳዳሪዎች ነገሩኝ። አንደኛው ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚህ ክፍል ውስጥ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፣ ቢሮው ሁሉ «ጋሽ ቡቃያ» ነው የሚላቸው። ሃላፊ በለቀቀ ቁጥር በውክልና ይሠራሉ፤ ዲግሪ ያለው ሲመጣ ወንበሩን ለቀው ሥራውን ያስተምሩታል። ሁለተኛዋ ልጃቸው ናት። እሳቸው ያላገኙትን ወንበር እሷ እንድታገኝ ብለው እስከ ዲግሪ አስተማሯት፣ እሷም እዚሁ ተቀጠረች። ሦስተኛው የምረቃ ፎቶውን ከነቆቡ ጠረጴዛው ላይ ያቆመ ወጣት ነው። ስሙ የጠፋው ያን ቀን ነው፤ «ባለ ቆቡ» ሆኖ ቀረ።

«አባትና ልጅ ለአንድ ወንበር?»

«አባትና ልጅ። እኔ ደግሞ እንዳላዳላ ስማቸው የተለጠፈው ከትሪው ሥር ነው። የትኛው የማን እንደሆነ የሚያውቁት ተወዳዳሪዎቹ ብቻ ናቸው። ሁሉም እኩል ብርሃን እንዲያገኝ ደግሞ አመሻሽ ላይ ተረኛው አንድ አንድ ቦታ ያሸጋሽጋቸዋል። የመስኮቱ ወደ መሃል፣ የመሃሉ ወደ በር፣ የበሩ ወደ መስኮት።»

«ትናንት ተረኛው ማን ነበር?»

«ልጅቷ። ዛሬ ጠዋት ይሄን ሳይ የሞተውን አንስቼ ከሥሩ አነበብኩ። የሷ ነው። ስሙን ስጠራ ጋሽ ቡቃያ እዚያ በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ፣ ከዚያ ወዲህ አልተነሱም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የሚያንገበግበኝ ምን መሰለዎት? ትናንት ሁሉንም አይቼ በልቤ ጨርሼ ነበር። አንደኛው ይሄ ነው። የተረፉት ሁለቱ አጠገቡም አይደርሱም።»

ጋሽ ቡቃያ ቧንቧው አጠገብ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ትንሽ ሰው ናቸው፤ ጋዋናቸው ውስጥ ሌላ ሰው የሚጨምር ቦታ አለ።

«ጋሼ፣ ጠዋት የሚከፍቱት እርስዎ ነዎት ይባላል።»

«እኔ ነኝ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም እኔው።»

«ታዲያ ትሪዎቹን አላዩም?»

«ዓይኔ አላያቸውም ልጄ» አሉና እጃቸውን ማሸት ጀመሩ። ያዘነ አባት እንዲህ ነው አልኩና ተውኳቸው።

ልጅቷን ኮሪደር ላይ አገኘኋት። በእንፋሎት የተሸፈነው መስታወት ላይ በጣቷ መስመር ታሰምራለች።

«ትናንት አመሻሽ ትሪዎቹን አሸጋሽገሻል?»

«አዎ።» ያሰመረችውን በመዳፏ ጠረገችው።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም አልኩ እኮ።»

«የሚጠላሽ ሰው አለ?»

«ቲማቲም የሚጠላ ካልሆነ እንጃ።»

«አባትሽ—»

«አባቴን ይተውልኝ!» ብላ ዞረችብኝ። «አባቴ የበዛ ቡቃያ ሲያሳሳ እንኳ የሚነቅለውን ይቅርታ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ሰው ነው።»

ጥበቃው ማንም ሳይጠይቀው «ተኝቼ አልነበረም» ብሎ ጀመረ።

«ማንቆርቆሪያህን ማን ወሰደው?»

«እጅ።»

«የማን እጅ?»

«ነጭ እጅ። ጎህ ሲቀድ ነው። ውሃዬን ጥጄ ዓይኔን ትንሽ ላሳርፍ ብዬ ነው። ከጭጋጉ ውስጥ ነጭ እጅ ወጣ፣ ማንቆርቆሪያውን አነሳ፣ ተመልሶ ገባ። እኔ ህልም መስሎኝ መልሼ ተኛሁ።»

«አልተኛሁም አላልክም?»

«በህልሜ ነዋ ጌታዬ።»

ይህን የመሰለ ምስክርነት ለእኔ ካልሆነ ለማንም አይነገርም። ሌላው መርማሪ በጥፊ ይለው ነበር። እኔ ግን ነጭ እጁን ይዤ በጭጋጉ ውስጥ ስዞር ቆየሁና ባለ ቆቡ ቢሮ በር ላይ ደረስኩ። ተነስቶ ሊጨብጠኝ እጁን ዘረጋ። በፋሻ ተጠቅልሏል፣ በነጭ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ካውያ። ለዛሬ ብዬ ሱፌን ስተኩስ።»

«ለቲማቲም ሱፍ?»

ፊቱ ቀላ። «ለቲማቲም ከሆነ እኔ ያን ሁሉ ዓመት ደብተር ለምን ተሸከምኩ? እናቴ ጎረቤት ፊት ‹ልጄ ተመረቀ› ብላ እልል ያለችው ለምንድነው? አሁን መመሪያ ወጣና ቆቡም አያስፈልግም ተባለ። ተቃውሜያለሁ፣ ዳይሬክተሯ ፊት ቆሜ ተቃውሜያለሁ። ብቃወምም ግን ተወዳድሬያለሁ። የፈላ ውሃ የሚያፈስ ሰው አይደለሁም።»

ለአለቃዬ ስልክ ደወልኩ። አለቃዬ እኔ ስናገር ብዙ ጊዜ የሆነ ነገር ይበላሉ።

«ነጭ እጅ አልከኝ፣ የተቃጠለ እጅ አልከኝ፣ ፈተናው እንዲፈርስ የሚፈልግ ሰው አልከኝ» አሉ እያኘኩ። «ምን ቀረህ? ፎቶ? ያዘው!»

ያዝነው። ከሰዓት በኋላ እናቱ ብርድ ልብስ ታቅፈው ጣቢያ መጡ።

«ዲግሪ ያለው ልጅ ሲሚንቶ ላይ ይተኛል?» ብለው ተረኛውን ፖሊስ አፋጠጡት።

«እማማ፣ እዚህ ለመተኛት ተፈላጊ ችሎታ አንጠይቅም» አላቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ በኋላ የሴትዮዋን ፊት ሳይ አፈርኩ። ብርድ ልብሱን እኔው ይዤ ገባሁለት።

ቅዳሜ ጠዋት ካውያውን ያዋሰውን ጎረቤት ልብስ ሰፊ አገኘሁት። ጎህ ሲቀድ ልጁ እጁን ይዞ እየጮኸ ሱቁ መግባቱን፣ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሶለት ፋሻውን ያሰረለትም እሱ መሆኑን ነገረኝ። «እስኪረፍድ ከኔ ጋር ነበር፣ ሱፉ ላይ የቀረውን ቀዳዳ ስንጥፍ» አለና የተረፈውን ጨርቅ አሳየኝ። ለአለቃዬ ነገርኳቸው። «ሌላ ሰው አምጣልኝና እለቀዋለሁ» አሉኝ።

ሌላ ሰው አልነበረኝም። ቢሮው ውስጥ የሚወራው ግን ነበር፤ ሲያወሩ ስደርስ ዝም ይላሉ። አባት በልጁ ቀንቶ ነው ይላሉ። ዕድሜ ልኩን የጠበቀውን ወንበር ልጁ ልትወስድበት ስትል ጊዜ ደሙ ፈላ፤ ቁልፉስ በማን እጅ ነው? አልቀበለውም አልኩ። ግን እግሬ ወደ ጋሽ ቡቃያ ቤት ወሰደኝ።

ሚስታቸው ናቸው የከፈቱልኝ። ጠረጴዛው ላይ ሻይ የቀረበበት አንድ ስኒ ብቻ አለ፣ ሳይነካ ቀዝቅዟል። የልጅቷ ክፍል በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አልጋው ተነጥፏል፣ ቁም ሳጥኑ ባዶ ነው።

«እሱ ጓሮ ነው፣ ጭጋጉን ያያል» አሉኝ። «ልጄ፣ ቢሮ የሚወራውን ሰምተሃል አይደል? እሷም ሰማች። ትናንት መጥታ ፊት ለፊት ጠየቀችው። ‹አባዬ፣ አንተ ነህ እንዴ?› አለችው። ምን አለ መሰለህ? ምንም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም። አይደለሁም ቢላት እኮ ታምነው ነበር! ሻንጣዋን ይዛ አክስቷ ጋ ሄደች።»

«ድሮ እንዴት ነበሩ?»

«ሥራ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይመጣሉ። ለውድድሩ ያስመዘገበችው ራሷ ናት፣ አልፈልግም ሲል እጁን ጎትታ። ከተመዘገቡ ወዲህ ግን ያሳማናል ብለው ለየብቻ ሆነ። ከዚያ በየተራ ኩሽና እየመጡ እኔን ያማክሩኛል። ምን እንደሚሉኝ አልነግርህም፣ የሁለቱም አደራ አለብኝ።» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ትሪው ምን አባቱ ይሁን። ሹመቱም ይቅር። አንተ ልጄን ወደ ቤቷ መልስልኝ።»

አንጀቴን በሉት። ቃል አልገባሁም፤ ፖሊስ ቃል አይገባም። ደጅ ስወጣ ጋሽ ቡቃያን በአጥሩ አሻግሬ አየኋቸው፤ ግማሹ ሰውነታቸው ጭጋግ ውስጥ ነው። ሳላናግራቸው ሄድኩ።

ጣቢያ ተመልሼ ባለ ቆቡን ጎበኘሁት። ብርድ ልብሱ ላይ ተቀምጦ ለግድግዳው ያማርራል።

«የሚያናድደኝ ደግሞ» አለኝ፣ «አርብ ጠዋት የመስኮቱ ተራ የኔ ነበር። ዳይሬክተሯ ሲገቡ ቡቃያዬ ብርሃን ላይ ቆሞ፣ እኔም በሱፌ አጠገቡ ቆሜ። እንዲህ ነበር ያሰብኩት።»

«ስታሸጋሽጓቸው ገፋ ማድረግ ብቻ ነው?»

«ገፋ እናደርጋቸዋለን፣ ፊታቸውንም እናዞራቸዋለን። ያለዚያ ተጣመው ያድጋሉ። ጠዋት ጠዋት ስንገባ ሁሉም ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ነው የምናገኛቸው፣ ከሱ ጋር የተኳረፉ ይመስል። ሲረፋፍድ ይታረቃሉ።»

እሺ ብዬው ወጣሁ። ምንም አልገባኝም ነበር። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ተቀመጥኩበት፣ ከዚያ እንደልማዴ።

በህልሜ አውቶብስ ውስጥ ነኝ። ውጭው ጭጋግ ነው። ተሳፋሪዎቹ ቀጫጭን አረንጓዴ ሰዎች ናቸው፣ ሁሉም አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አስግገዋል። ከፊቴ ያለውን ትከሻውን ነካ አድርጌ «እናንተ ከመስኮቱ ጋር አልተኳረፋችሁም እንዴ?» አልኩት። «ማን አዞረንና?» አለኝ፣ ሳይዞር።

ብንን ብዬ ተነሳሁ። አርብ ጠዋት ማልጄ ስደርስ ቡቃያዎቹ ጀርባቸውን አልሰጡም ነበር። ወደ መስኮቱ ነበር ያዘነበሉት።

መኪና ሳልጠብቅ በእግሬ ወደ ቢሮው ሄድኩ። ጥበቃው የታሸገውን ክፍል ከፈተልኝ። የመስኮት ዳሩን ትሪ በቀስታ አነሳሁና ከሥሩ አነበብኩ። የባለ ቆቡ ስም አልነበረም። ወጥቼ በሩን ስዘጋ የተንጠለጠሉት ነጭ ጓንቶች በነፋሱ እጃቸውን የሚያውለበልቡ መሰሉኝ፤ ለካ በዚህ ክፍል ውስጥ ነጭ እጅ የሌለው ሰው የለም።

እሑድ ጠዋት ሁሉንም ብቅለት ክፍል ጠራኋቸው። ጋሽ ቡቃያ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ ከአክስቷ ቤት መጥታ በሩ አጠገብ ቆመች፣ ወደሳቸው አላየችም። ዳይሬክተሯ እጃቸውን አጣምረዋል። ጭጋጉ ሳስቷል፣ መስኮቱ ላይ ነጣ ያለ ብርሃን ነበር።

«እህቴ» አልኳት፣ «ሐሙስ ቀን የመሃሉ ትሪ የማን ነበር?»

«የኔ።»

«የመስኮት ዳሩስ?»

«የአባዬ።»

«አመሻሽ ላይ ስታሸጋሽጊያቸው የመስኮቱ የት ሄደ?»

«ወደ…» አለችና ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

«ይተዋት!» ጋሽ ቡቃያ ከበርጩማው ተነሱ። ከአርብ ወዲህ ድምፃቸውን ስሰማው ያን ያህል ከፍ ብሎ አያውቅም። «እኔ ነኝ። ውሃውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ቀንቼ ነው። ጻፈው፣ በልጁ ቀንቶ ነው ብለህ ጻፈውና ይለቅ!»

ዳይሬክተሯ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ልጅቷ ግን አባቷን አላየችም። ጠረጴዛውን ነው የምታየው። ጣቷን ከመስኮቱ ወደ መሃል በቀስታ ወሰደች፣ ኮሪደር ላይ መስታወቱን ስታሰምርበት እንደነበረው። መሃል ላይ ቆመች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ… ወደ መሃሉ የሄድከው ያንተ መስሎህ ነው?»

ጋሽ ቡቃያ ፊታቸውን ወደ ቧንቧው አዞሩ።

«ያንተን ልትገድል ነው የመጣኸው?»

«ተይኝ ልጄ።»

«አላሸጋሸግኳቸውም!» ብላ ጮኸች። «ኢንስፔክተር፣ ዋሽቻለሁ፣ አላዞርኳቸውም! መስኮቱ የአባዬ ተራ በሆነ ቀን ሁሉ ጭጋግ ነው። የኛ ሲሆን ፀሐይ ትወጣለች፣ የሱ ሲሆን ይዘጋል። ለአንድ ጠዋት፣ ለአንድ ጠዋት ብቻ ፀሐይ ታግኘው ብዬ እዚያው ተውኩት። ከታወቀ ከውድድሩ ይሰርዙታል ብዬ ፈራሁ።»

ከዚህ በኋላ ጋሽ ቡቃያ መደበቅ አልቻሉም። ተመልሰው ተቀመጡና ለእኔ ሳይሆን ለወለሉ ተናገሩ። እንዲህ አሉ፦ «ያስተማርኳት ለዚያች ወንበር ነው። ከዚያ ራሴ መንገዷ ላይ ቆምኩ። ልውጣ ብላት አትሰማኝም። ትሪዬ በሆነ አጋጣሚ ቢሞት ግን ማን ምን ይላል ብዬ ነው። ስሟ ሲነበብ ወዲያው ገባኝ፣ አላዞረቻቸውም። እውነቱን ባወጣ እሷ ልትዋረድ ነው። እሷ ከምትዋረድ እኔ ቀናተኛ ብባል ምናለ? ቤቴን ለቃ ብትሄድስ…» ብለው አልጨረሱትም።

«ጋሽ ቡቃያ» አሉ ዳይሬክተሯ፣ «አንደኛ እኮ ነበረች። ማናችሁም እጃችሁን ባታስገቡ ኖሮ ታሸንፍ ነበር።»

«ስሟን ሲያነቡ አንደኛ እንደነበረች አብረው ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ያስተማርኳት እኔ፣ ማሸነፍ እንደምትችል አላመንኳትም።»

«እኔስ መቼ አመንኩህ?» አለች ልጅቷ። እያለቀሰች ነበር። «ለአንድ ጠዋት ፀሐይ የሰረቅኩልህ ስላላመንኩህ አይደለም?»

አንድ ነገር ግን አልወጣልኝም ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎ ቡቃያ የሚያውቁ ሰው ነዎት። ጎህ ቢሆንም፣ የሷን ከእርስዎ መለየት እንዴት አቃተዎት?»

«ዓይኔን ጨፍኜ ነው ያፈሰስኩት» አሉኝ። «ሲሞቱ ማየት አልችልም። ብገልጠው ኖሮ ገና ከሩቅ የሷ መሆኑን አውቀው ነበር። አዘራሯ እኮ የኔው ነው።»

ልጅቷ ሄዳ በርጩማው አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ጭንቅላቷን ጉልበታቸው ላይ አደረገች። ማስታወሻዬን ሳወጣ ደግሞ መጨቃጨቅ ጀመሩ። የኔን ስም ጻፍ ይላሉ እሳቸው፤ የኔን ይጻፉ ትላለች እሷ፣ እኔ ባልዋሽ ኖሮ። አንቺ ዝም በይ። አንተ ዝም በል። እኔ የሁለቱንም ጻፍኩ። ስጨርስ ቀና ብል አሁንም አልተስማሙም።

ሰኞ ሪፖርቴ ደረሰ። አለቃዬ እስከ መጨረሻው አንብበው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያኝኩ፣ «በል ልጁን ፍታው» አሉኝ። ባለ ቆቡ ሲወጣ ብርድ ልብሱን ለቀጣዩ እስረኛ ተወው፤ ሱፉን ግን ደረቱ ላይ ታቅፎት ነበር።

ጥፋቱ የፈተናው ስላልነበረ መመሪያው አልተነካም። ዲግሪ ያለውም የሌለውም መወዳደሩ ቀጠለ። አባትና ልጅ ግን ከውድድሩ ተሰረዙ፣ እሷ በማስጠንቀቂያ ታለፈች፣ ጋሽ ቡቃያ ደግሞ ጊዜያቸው ሳይደርስ ጡረታ ወጡ። ወንበሩን ያገኘው ባለ ቆቡ ነው፣ በሁለተኛ ደረጃ ቡቃያው። በመጀመሪያው ቀን ልጅቷን ጠርቶ «እኔ ፊርማውን፣ አንቺ ብቅለቱን» አላት አሉ። ይህ ፍትሕ ነው አይደለም ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ የእኔ ዲግሪ በሒሳብ አያያዝ ነው።

ጭጋጉ ከለቀቀ በኋላ አንድ አመሻሽ በዚያ በኩል አለፍኩ። ጥበቃው ነቅቷል። ከአጥሩ ውጭ፣ በብቅለት ክፍሉ መስኮት ትይዩ ካለው ድንጋይ ላይ ጋሽ ቡቃያ ኮታቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ወደ ግቢው መግባት አይፈቀድላቸውም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ማንን ይጠብቃሉ?»

«ልጄን። ቤት አብረን ነው የምንገባው።»

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል መስኮቱ ተከፈተ። ልጅቷ ነጭ ጓንት ያደረገ እጇን አውጥታ አውለበለበች።

«አባዬ፣ አዞርኳቸው!»

«ሰማሁ!» አሉ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ።

«የቢሮው አዲስ ደንብ ነው?» አልኳቸው።

«ኧረ የኛው ነው» አሉ፣ ከድንጋዩ እየተነሱ። እሷ ስትወጣ ቦርሳዋን ተቀበሏት፤ እሰጣለሁ አልሰጥም ተባብለው፣ በመጨረሻ አንድ ጆሮውን እሳቸው፣ አንድ ጆሮውን እሷ ይዘውት ወደ ቤት ሄዱ።